ድምፅሽ ቀድሞሽ ገባ

ሰቆጣ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአምሳለ፣

ተከዜን ተሻግሮ ሰሃላ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ባለቤትሽ ተስፋውስ እንዴት ከረመ? ፍየሎቹስ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹም ኪዳኑም ደህና ናቸው። ባጃጁ ብቻ ታሞ ነበር፤ እሱም ድኗል።

መልስ ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። ያዘገየኝ ጥያቄሽ ነው። «ዘንድሮ ሰርጉ እንዴት ነው፣ ድምፅሽ አልተዘጋም ወይ?» ብለሽኛል። አልተዘጋም። ድምፅ የሚዘጋው ሲወጣ ነው። ጥር ሙሉ ከየሰፈሩ የሰርግ ጩኸት ስሰማ ከረምኩ እንጂ ነዪ ያለኝ ሰው የለም። ይርዳው የሚባል ጎረምሳ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ሞንታርቦ ከወልድያ አስመጥቶ ድንኳኑን ሁሉ ያዘው። ሞንታርቦው አይደክመው፣ ጠላ አያምረው፣ «አንድ ጊዜ ልቀመጥ» አይል። ሙሽራ ሲገባ አንድ ነገር ይነካል፣ ሙሽራ ሲወጣ ሌላ ነገር ይነካል፤ አለቀ።

አንድ ቤት ግን ልከውብኝ ነበር። የሙሽራዋ አክስት መጥታ «እትዬ ዝናሽ፣ ከበሮዎን ፈልገን ነው» አለችኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ቀሚሴን ቀይሬ፣ ከበሮዬን አንግቼ ብቅ ስል «አይ እርስዎ አይቸገሩ፣ ለፎቶ ነው» አትለኝም! ሙሽሪት ታቅፋው ልትነሳ ኖሯል። ሰጠኋት፤ ምን ልበል? ሲመልሱልኝ ሪባን አስረውበት ነበር።

አንቺ ግን መብራት ከሌለበት አገር ገብተሽ፣ «እሑድ የጀመርኩ ቅልቅሉ እስኪያልቅ አላስቀመጡኝም፣ እግሬ አበጠ» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። አንቺ የጻፍሽው ለማማረር ነው። እኔ ያነበብኩት እንደ ጉራ ነው። ደብዳቤሽንም መልሼ አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ይህን ብቻ ንገሪኝ፦ የማንን ዘፈን ነው የምታወጪው? ማንስ ይቀበልሻል?

እህትሽ ዝናሽ


ሰሃላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለዝናሽ፣

በዚህ በጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? ደብዳቤሽን ያደረሰችልኝ ሸጌ ናት፤ ያች የእኛ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ለሥራ ሰቆጣ በወረደች ቁጥር እኔን ሳትጠይቅ አትሄድም። እሷ ባትኖር የእኔና የአንቺ ወሬ ወንዝ ዳር ይቀር ነበር። ሰው ሁሉ በስልክ በሚገናኝበት ዘመን እኔና አንቺ ብቻ ወረቀት ስናጥፍ ቀረን።

ጉራ መስሎ ከታየሽ ይቅር በይኝ። እኔ ደግሞ ያንቺን ሳነብ «ባጃጁ ታሞ ነበር» የሚለው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኛ ውሃ የምንቀዳው ገደል ወርደን ነው። አንቺ ከደጅሽ ቧንቧ አለ። ልጅሽን ሲያተኩሰው ጋቢ ደርበሽ ሆስፒታል ትደርሻለሽ። እኔ ሁለት ልጅ መንገድ ላይ ቀርቶብኛል፣ ታውቂያለሽ። ታዲያ ከሁለታችን መቅናት ያለባት ማን ነበረች?

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የማንን አወጣለሁ፣ ያንቺን ነው እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ አንቺ ስታወጪ እኔ ስቀበል ነው የኖርኩት። እዚህ ያገባሁ ሰሞን አንድ ሰርግ ላይ «የሰቆጣ ልጅ ናት፣ ታውቃለች» ብለው ከበሮ አስታቀፉኝ። አፌን ከፍቼ አንቺ እስክትጀምሪ ጠበቅሁ። ሰዎቹ ያዩኛል፤ እኔ እጠብቃለሁ። ኋላ ሌላ የሚጀምር እንደሌለ ሲገባኝ ጀመርኩት። የሚቀበሉኝ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኽምጣኛ ይቀበላሉ፤ ደስ ይላል።

አንዲት ብቻ የራሴ አለች። ሙሽራ ወንዝ ማዶ ስንሸኝ የገጠምኳት ናት፦

ተከዜ ቢሞላ መሻገሪያ ባጣ፣
እኔ ብቀር እንኳ ድምፄ ወዲያ ይውጣ።

ይህችን ስዘፍን ሸጌ በስልኳ ቀርፃኝ ነበር። አሁን ከሰቆጣ ስትመለስ «ዘፈንሽ በባጃጅ ሲሄድ ሰማሁት» አለችኝ። ለአንዲት ጓደኛዋ ልካላት፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ ትላለች። እዚህ ኔትወርክ ስለሌለ የማጣራበት የለኝም። እውነት ነው እንዴ? ልታስደስተኝ ይሆን? አንቺ ከተማ ነሽ፣ ኪዳኑም ባጃጅ አለው፤ ሳትሰሙ አትቀሩም።

ታናሽሽ አምሳለ


ሰቆጣ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳለ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን።

ስለ ዘፈኑ ለጠየቅሽኝ፦ ጾም ነው። በጾም ማን ዘፈን ይሰማል? የኪዳኑ ባጃጅ ብዙ ነገር ይጮኻል፤ እኔ አላዳምጥም። ኪዳኑ ምሳ ሲበላም ያፏጫል፤ ምን እንደሚያፏጭ ጠይቄው አላውቅም። ሸጌ ደግ ልጅ ናት። ደግ ሰው ደግሞ የሴት ድምፅ ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

«የራሴ ናት» ያልሻትን በተመለከተ፣ ግጥሟ ያንቺ ይሁን። ዜማዋ ግን እኔ ሙሽራ ሳስወጣ የማወጣው አይደለም ወይ? ጫፉን ወደ ላይ አንስተሽ፣ መሃሉን አርዝመሽ ሌላ ብታስመስዪውም እኔን አይሸውደኝም።

እንዳታዝኚብኝ እንጂ አንድ ነገር ልምከርሽ። ዝፈኚልን ብሎ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር እሺ እንዳትዪ። እነዚህ ሰዎች ድምፅሽን ቀርፀው ይወስዱና አንቺን እዚያው ይረሱሻል። እኔን እዪኝ።

ሸጌ አንድ ነጠላ ይዛልሽ ትመጣለች። ጥበቡን እዚሁ ሰቆጣ ነው ያሠራሁት። ምን ታስቦ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ልበሺው።

ዝናሽ


ሰሃላ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዝናሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ዘግይቷል፤ ከመቅረት ይሻላል።

ነጠላው በጣም ያምራል። ከሸጌ ጋር መልሼልሻለሁ።

ይርዳው እዚህ መጥቶ ነበር። አዎ፣ ባለ ሞንታርቦው። ሞተሩን ወንዝ ማዶ ትቶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ፀሐይ እንደ ቅል አድርቆት ቤቴ ደረሰ። ውሃ ሰጠሁት። ሲጠጣ ሲጠጣ ቆይቶ ቀና አለና፣

«እርስዎ ነዎት አምሳለ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ታዲያ የመነኮሱ አይመስሉማ!»

ተስፋው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ማን አለ?» አልኩት።

«እህትዎ ናቸዋ! የት እንደሚኖሩ ብጠይቃቸው፣ ንስሐ ገብታ ዘፈን ትታለች፣ ከእንግዳ ጋር አታወራም፣ አትልፋ አሉኝ። የሸጌን ጓደኛ ባላገኝ ኖሮ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሰማኝ። እታለም፣ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ይቺማ ዝናሽ ናት» አልኩት። የገዛ ድምፄን ከውጭ ስሰማው ያንቺ መሰለኝ። ልጁም «የእርስዎ ነው፤ ሰቆጣ ላይ ባጃጁ፣ ካፌው፣ ሰርጉ ሁሉ በዚህ ነው የሚውለው። እስከ ወልድያ ወርዷል» አለኝ። ስለዚህ ባንቺ ደጅ ያላለፈበት ቀን የለም ማለት ነው። ኪዳኑም የሚያፏጨውን አሁን አወቅሁት።

እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን አደረግሁሽ? እዚህ ከበሮ የታቀፍኩ ቀን ሁሉ «ዝናሽ ናት ያስተማረችኝ» ሳልል አልጀመርኩም። እዚህ ማንም አያውቅሽም፤ ስምሽን ግን ሁሉም ያውቃል። አንቺ ከተማ ተቀምጠሽ እኔን በቁሜ አስመነኮስሽኝ።

ደግሞ ከፈለግሽ የሚያስደስትሽን ልንገርሽ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ነበር። ወንድሟ ከመተማ ሲመለስ በፀሐይ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ከበሮዬን ይዤ ብሄድ «አንቺ ዛሬ ዕረፊ፣ ድምፅሽ መጥቷል» አሉኝ። በድምፄ ተጨፈረ። ዘፈን ሳወጣ የኖርኩ ሴት ወጥ ሳወጣ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ደንገጥ ብዬ ልቀበል ቃጣኝ፤ ያጎረስኩት ሰውዬ «እሷ እኮ አትሰማሽም» ብሎ ሳቀብኝ።

ይርዳው ለነሐሴው የሻደይ በዓል ሰቆጣ መድረክ ላይ ውጪ ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ። የት እንደማድር አላውቅም።

አምሳለ


ሰቆጣ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳለ፣

ነጠላው ደርሶኛል። ለብሼው ነው የምጽፍልሽ፤ ዝናብ ነው፣ ይበርዳል።

ለይርዳው ያልኩትን ብያለሁ። አላልኩም አልልም። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ፤ ግን ወጣ፣ አልመለስኩትም። «ምን አደረግሁሽ» ላልሽው ምንም አላደረግሽኝም። ክፋቱ እሱ ነው። ብታደርጊኝ ኖሮ ተጣልተን፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ታርቀን ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና ፍረጂኝ። ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን ልጁን ዳረ። እንደማንኛውም ጎረቤት ተጠርቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሞንታርቦው ተከፈተ፤ አንቺ ነሽ። ድንኳኑ ተነሣ። ትልልቆቹ ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። «ዝናሽ! አንቺ ነሽ እንዴ? መቼ ተቀረፅሽ? ድምፅሽ እንዲህ ሳስቶ፣ እንዲህ አምሮ!» አሉኝ። እኔ ፈገግ አልኩ። ነኝ አላልኩም፣ አይደለሁምም አላልኩም። ለጥቂት ጊዜ፣ አምሳለ፣ ያ ሁሉ ጭፈራ የእኔ ነበር። ወዲያው አንዷ «ኧረ የታናሿ ነው! ያቺ ስትቀበላት የነበረችው!» አለች። ሁሉም ፊቱን ወደ ጭፈራው መለሰ። ትሪው ሳይዞር ወጣሁ።

ሃያ ዓመት ከኋላዬ ቆመሽ ስትቀበዪ አንድ ቀን ዞር ብዬ አዳምጬሽ አላውቅም። የሚያወጣ ሰው ወደፊት ነው የሚያየው። እንዲህ እንደምትዘፍኚ የሰማሁት ከባጃጅ ነው፤ ከባሌ ባጃጅ። «ዝጋው» ስለው «ኧረ እህትሽ ናት!» ይለኛል። ይህን እያወቅሁ ነው ለይርዳው ያን ያልኩት።

ስለ ጎረቤትሽ ሰርግ የጻፍሽውን ሳነብ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አፈርኩ። ሁለቱንም እወቂው።

የት አድራለሁ ትያለሽ። የእህትሽ ቤት እያለ የት ልታድሪ ነው? አልጋ አለ። ነዪ።

ዝናሽ


ሰሃላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ «ትሪው ሳይዞር ወጣሁ» ያልሽው ላይ ሳቅሁ። ምግብ ትተሽ የወጣሽበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አልመጣም። የደበቅሁሽ ነገር አለ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የፊተኞቹ ስለቀሩብኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ላንቺ ያልነገርኩሽ ግን በሌላ ነው፤ ተቀይሜሽ ስለነበር ደስታዬን ልከለክልሽ ፈለግሁ። ሸጌ መንገድ ከለከለችኝ። ባትከለክለኝስ፣ ተከዜ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ጀልባውም ቆሟል ይላሉ። ይህች ደብዳቤ እንኳ የምትሄደው ወንዙ ጋብ እስኪል ጠብቃ ከሸጌ ጋር ነው።

ይርዳው እንደማልመጣ ሲሰማ በሸጌ በኩል የላከብኝን ስሚ። «ግድ የለም፣ ድምፁ አለኝ። የምፈልገው ቆማ አፏን የምታንቀሳቅስ ሴት ብቻ ነው። አንዷን እፈልጋለሁ» ብሏል። ድምፄ ከእኔ ጋር ሥራ ከጨረሰ ቆይቷል፣ አየሽ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሴት ሊያገባ ነው።

እታለም፣ አንቺ ቁሚልኝ። እንመሳሰላለን። ከተሜው ቢያውቅሽ እንግዳው አያውቅሽም። ይህን የምለምንሽ ታርቄሽ ብቻ አይደለም። ሌላ ሴት፣ ወጣት፣ ጸጉሯን የተሠራች፣ በእኔ ድምፅ ቆማ ሲጨበጨብላት እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ከሆንሽ እችለዋለሁ። ምናልባት።

አምሳለ


ሰቆጣ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአምሳለ፣

ሆድሽ እንዴት ነው? ልጁ ይራገጣል? ማርና ቅቤ ለሸጌ ሰጥቻታለሁ። ወንዙ ሲፈቅድላት ታደርስልሻለች። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

ቆምኩልሽ። እንደሆነው ልንገርሽ።

ሜዳው ሰው ብቻ ነበር። ከዝቋላው፣ ከደሃናው፣ ከወልድያው መጥቷል። ልጃገረዶቹ የሻደዩን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከመድረኩ ሥር ተኮልኩለዋል። ይርዳው ማይክ አስያዘኝና በጆሮዬ «እትዬ ዝናሽ፣ አፍዎን ብቻ። ማይኩ ዝግ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት።

ድምፅሽ ወጣ። ሞንታርቦው ከኋላዬ ስለሆነ ደረቴን እየመታ ነው የሚያልፈው። አፌን አንቀሳቀስኩ። ዜማው የእኔ ስለሆነ፣ አዎ የእኔ ነው፣ አንድም ቦታ አልሳትኩም። ሰዉ ስልኩን አንስቶ «አምሳለ! አምሳለ!» ማለት ጀመረ። ጣፈጠኝ፣ እህቴ። ብትጠዪኝም ጥዪኝ፣ አልዋሽሽም፤ በጣም ጣፈጠኝ። እንዲህ ተጠርቼ አላውቅም። ስሙ የእኔ ባይሆንም ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

ከዚያ የሰሃላ ሴቶች የሚቀበሉበት ደረሰ። የምታወጣ ሴት እዚያ ላይ ታርፋለች፤ አፌን ዘጋሁ። እንደዚያ ቆሜ የጎረቤቶችሽን ድምፅ ስሰማ፣ አንቺ በዚህ ቦታ ላይ ምን ስታደርጊ እንደኖርሽ አሰብኩ። ትንፋሼን ጠብቀሽ፣ የእኔን ጫፍ አንስተሽ፣ እንዳልወድቅ ይዘሽኝ ነው የኖርሽው። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ተቀበልኩሽ። በድምፄ፣ ጮክ ብዬ። ማይኩ ዝግ ነው፤ ሜዳው አልሰማም። ከሥሬ ያሉት ልጃገረዶች ግን ሰምተው ቀና አሉና አዩኝ። ከዚያ እነሱም አብረውኝ ተቀበሉ። መቀበል እንዲህ ከባድ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? የሌላ ሰው ትንፋሽ ላይ መቀመጥ እኮ ነው!

ሲያልቅ ይርዳው ደስ ብሎት ማይኩን ከፈተልኝ፤ «ሕዝቡን ሰላም ይበሉ» አለኝ። አስቤበት አልነበረም። «እኔ አምሳለ አይደለሁም» አልኩ። «አምሳለ ወንዝ ሞልቶባት ሰሃላ ናት። እኔ የተቀበልኳት እህቷ ነኝ።»

የሳቀ አለ። ያጨበጨበ አለ፤ ብዙ አይደለም። አብዛኛው አልገባውም፤ ስልኩን እያየ ነበር። ይርዳው «እትዬ፣ በሰው ፊት አዋረዱኝ» ብሎ ማይኩን ቀማኝና ሌላ ዘፈን ከፈተ፤ ሜዳውም በሌላው ዘፈን ጨፈረ። ኪዳኑ ሊወስደኝ መጣ። ባጃጁ ውስጥ ያው ያንቺው ነበር። ልዘጋልሽ ወይ ሲለኝ ተወው አልኩት።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ትላንት ገበያ ላይ ሰምቼሽ እንደገና ቆንጠጥ አደረገኝ። ለሰርግ የጠራኝም የለም፤ ከእንግዲህ የሚጠራኝ አይመስለኝም። ብቻ ሁሉንም ጻፍኩልሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ ስደቢኝ ወይ ማሪኝ።

ዝናሽ


ሰሃላ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለዝናሽ፣

እንኳን አደረሰሽ፤ ለአዲሱ ዓመትም፣ ለሻደዩም። ማሩም ቅቤውም ገብቷል። ልጁ ይራገጣል። ሴት ናት ይሉኛል አሮጊቶቹ፣ ከአረጋገጧ።

ደብዳቤሽን ለተስፋው አነበብኩለት። «ታረቁ በቃ» አለ። ለወንድ ቀላል ነው።

ለይርዳው ስላልሽው ምሬሻለሁ። ማይክ ላይ የተናገርሽውን ካነበብኩ በኋላ ነው የማርኩሽ፤ ከዚያ በፊት አልነበረም። በሌላ ነገር ግን አልማርኩሽም፤ ልንገርሽ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ስሜን ጠራ አልሽኝ። «አምሳለ! አምሳለ!» አለ አልሽኝ። እኔ እዚህ ተቀምጬ ስሜን የሚጠራኝ ተስፋው ነው፣ ለዚያውም ራት ሲዘገይበት። ድምፄ እኔን ትቶ ከተማ ገባ፣ እሺ። ስሜም ሲጠራ የሰማሽው አንቺ ሆንሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማሁትም፣ ከእንግዲህም የምሰማው አይመስለኝም። ይህን ሳስብ ወጡ እስኪያር ተቀመጥኩ። ቀናሁብሽ፣ ዝናሽ። በደንብ አድርጌ ቀናሁብሽ። እንዲህ ያለ ነገር ኖሯል ለካ አንቺን ይዞሽ የከረመው! እኔ አንድ ሳምንት አልቻልኩትም።

ጥቅምት ሲጋመስ ተከዜ ይጎድላል፤ ጀልባውም ይጀምራል። ሳልወልድ ድረሺልኝ። ስትመጪ ከወንዙ ወዲህ ያለው ጉብታ ላይ ቁሚና፣ ያ ሜዳ ሙሉ ሰው እንደጠራኝ አድርገሽ፣ ሳታሳንሺ፣ ጥሪኝ። ከቤቴ ይሰማል።

አምሳለ